ሰማሁ፣ አየሁ፣ ሞከርኩ

አህያዋ ስድስተኛው በር ላይ ስትደርስ ለስድስተኛ ጊዜ ቆመች።

«ሂጂ እንጂ! ዛሬ ውሃ የለም፤ የጫንሽው እኔን ነው!» አለ ኤሊው የሚሉት ሰው፣ በሁለት ተረከዙ ጎኗን እየመታ።

አህያዋ ግን ጎረቤቱን ውሃ ሻጭ ስምንት ዓመት ያገለገለች፣ ደንበኞቿን ደጃፍ በደጃፍ የምታውቅ ወግ አክባሪ አህያ ነበረች። ከቤት ሰው ወጥቶ ካላያት ንቅንቅ አትልም። በሩ ተከፈተና አንዲት ሴትዮ እንስራዋን እንዳቀፈች ብቅ አለች። በውሃው አቁማዳ ፈንታ የወረቀት ተራውን ኪታብ ጸሐፊ፣ ብርዑን ጆሮው ላይ እንደሰካ፣ ጥምጥሙ ወደ አንድ ወገን እንደተንሻፈፈ ስታየው እንስራዋን መሬት አስቀምጣ ሳቀች።

«ምነው ጌታዬ፣ ዛሬ የምንቀዳው እርስዎን ነው?»

«እህቴ፣ አላህ ይስጥሽ፣ በሩን ዝጊልኝና ይህቺ ጉድ ትሂድልኝ።»

«ደግሞ እርስዎና ችኮላ!» ብላ በሩን ዘጋችለት።

እውነቷን ነው። ኤሊው የሚለውን ስም ያወጡለት የወረቀት ተራ ሰዎች ናቸው። ሌላው ጸሐፊ በአሥር ቀን ጽፎ በሚያስረክበው ኪታብ ላይ እሱ ሁለት ወር ይቀመጥበታል። ሰውም ቢሆን ደስ ብሎት ይጠብቀዋል፤ ኤሊው የጻፈውን ዓይንን ጨፍኖ ማመን ይቻላል ይባል ነበርና። አርባ ሦስት ዓመት ሲሞላው ይህን ስም እንደ ማዕረግ መቁጠር ጀምሮ ነበር። ዛሬ ግን ያ ማዕረግ በማለዳ ከከተማ በወጣ ሲራራ፣ በአንዲት ግመል ላይ ተጭኖ፣ በአንድ ኪታብ ውስጥ ባለች አንዲት ቃል ሊበላሽ እየሄደበት ነው።

ኪታቡ የሸኽ ሐኪም ነው። ሽማግሌው ከሰባ ዓመታቸው ሠላሳውን ያፈሰሱበት የመድኃኒት ኪታብ ነው። አሚሩ ይህን ሰምተው፣ ሸኽ ሐኪም ራሳቸው ይዘውት መጥተው በዑለማዎች ፊት እንዲያነቡት መልክተኛ ልከዋል። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ባሉ የሕሙማን ማስታመሚያዎች ሁሉ ይገለበጣል ተብሏል።

ሸኽ ሐኪም የማያወላውል አንድ ሕግ ነበራቸው። ከእያንዳንዱ መድኃኒት ሥር ከሦስት ቃላት አንዱ ይጻፋል፦ ከታማኝ ሰው አፍ የመጣ ከሆነ «ሰማሁ»፤ ሌላ ሐኪም ሲሰጥ ቆመው የተመለከቱት ከሆነ «አየሁ»፤ በእጃቸው ቀምመው፣ በብዙ ሕመምተኛ አረጋግጠው ያገኙት ከሆነ «ሞከርኩ»። «ዕውቀት አማና ነው» ይሉ ነበር ለሚማሯቸው ደረሶች። «የሰማኸውን ሞከርኩ ካልክ አደራ በላህ ማለት ነው። ሶላት ያለ ውዱእ ትጥበት እንደሌለ ሁሉ፣ ሳያጣሩም መጻፍ የለም።»

የጸሐፊው ድርሻ ደግሞ ከዚያ ይቀጥላል። በየመድኃኒቱ መጨረሻ አንዲት ትንሽ ክብ ይሠራል። ተጽፎ ሲያልቅ አንድ ሰው ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ እሱ ንጹሑን ቅጂ በጣቱ እየተከተለ ያመሳክራል፤ ቃል ከቃል መግጠሙን ሲያይ በክቡ መሐል ነጥብ ያሳርፋል። ነጥብ ያለው ክብ ምስክር ነው። ሳያመሳክር ነጥብ ያሳረፈ ጸሐፊ ከተያዘ በወረቀት ተራ ዳግመኛ ብርዕ አያነሳም።

ኤሊው አሳርፏል። እሱ ራሱ፣ በገዛ እጁ!

ነገሩ የሆነው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ረቂቁን የምታነብለት ሚስቱ እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር፤ ቀኑ ሙቀት ነው፤ ጠራዡ በር ላይ ቆሞ «አለቀ?» እያለ ይነዘንዛል። ከአሥራ አንዱ ጥራዝ አሥሩ ተመሳክሮ አንድም ስህተት አልተገኘበትም። «በአሥሩ ያልተገኘ ስህተት በአሥራ አንደኛው ከየት ይመጣል?» አለና ሠላሳ አራቱን ክብ ሠላሳ አራት ነጥብ ነሰነሰበት፤ ልክ ዳቦ ላይ ጥቁር አዝሙድ እንደሚነሰንስ ሰው። ከዚያም እንቅልፉን ተኛ። መልካም እንቅልፍ ነበር፤ ያ ነው አሁን የሚያንገበግበው።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ሚስቱ ሸኽ ሐኪም «ይጣል» ብለው የተዉትን ረቂቅ በሙጫ እየደራረበች የኪታብ ሽፋን ገበታ ልትሠራ ተቀምጣ ነበር። አንዱን የረቂቅ ቅጠል አንስታ ሙጫ ልትቀባው ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ።

«አንተ፣ ያ የዓይን ቅባት ምን ነበር የሚለው?»

«የትኛው?»

«የበረሃ ሙጫና የመዳብ ዝገት ያለበት። ንጹሑ ላይ ‹ሞከርኩ› ነው የሚለው። እናቴ ዓይኗን ስለሚያማት ልብ ብዬ ነው ያየሁት።»

«እና ምን ሆነ?»

«እዚህ ‹ሰማሁ› ይላል።»

ኤሊው ክው አለ።

«አመሳክረኸው የለም እንዴ?» አለችው። እሱ ቀለሙን ማማሰል ያዘ። «አንተ! ነጥቡንስ?»

«ነጥቡን... አሳረፍኩት።»

«ሳታይ?»

«ሳላይ።»

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። እሷ ግን የሙጫውን ብሩሽ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና «አንድ ሰው ‹ሞከርኩ› የሚለውን አምኖ ዓይን ውስጥ ቢጨምረውስ?» አለች። ቀጥላም «ተነስ» አለች። «ውሃ ሻጩ ዛሬ ወገቡን አሞት ተኝቷል፤ አህያዋ ሥራ ፈታለች።»

ኤሊው የመጨረሻውን ጥራዝ ረቂቅ ከነርጥቡ ጠቅልሎ በከረጢቱ ከተተ። ቀለም ያዘ። ሚስቱ ፊቷን ስታዞር ደግሞ ቀለም የሚፋቅባትን ስስ ቢላ ደብቆ አነሳ። እንዲህ ነበር ያሰበው፦ አንዲት ቃል ፋቅ፣ አንዲት ቃል ጻፍ፣ እፍ ብለህ አድርቅ፣ ወደ ቤት ተመለስ። ማን ያውቃል? የሰው ዓይን ይድናል፤ የኤሊውም ስም ይድናል። ሁለት ወፍ ባንድ ድንጋይ።

ከከተማው በር ከወጡ በኋላ ደንበኛ የሚባል ነገር ስለሌለ አህያዋ ባለቤቷም የማያውቀውን ሩጫ አሳየች። ኤሊው ግማሹን መንገድ በጀርባዋ ግማሹን በአንገቷ ተጉዞ፣ የዙህር ሶላት ሰዓት ሲሆን ሲራራውን ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ አረፍ ብሎ አገኘው። ግመሎቹ ተንበርክከዋል። ሰዎቹ ሰግደው ጨርሰው በዛፎቹ ጥላ ሥር ተበትነዋል።

ከሁሉም ማዶ የአሚሩ መልክተኛ ቆሟል። በወገቡ የብር እጀታ ያለው ጎራዴ፣ በደረቱ የማኅተሙ ከረጢት ተንጠልጥሏል፤ እግሩ ደግሞ አንድ ቦታ አያርፍም። ግመል ነጂዎቹ ከኋላው «ጉንዳን ረገጥ» ነው የሚሉት። የኪታቡ ሣጥን በእሱ ኃላፊነት ነው።

«ምን ሆነሃል? አህያዋ ናት የበላችህ ወይስ አንተ ነህ የበላሃት?» አለው መልክተኛው።

«ጌታዬ፣ አንዲት... አንዲት ጌጥ ረስቼ ነው። መጨረሻው ጥራዝ ላይ። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ የማይቆይ ሥራ ነው።»

«በል ቶሎ በል። እንነሳለን።»

ኤሊው ኪታቡን ተቀብሎ ከአንዲት የተንበረከከች ግመል ጀርባ ተቀመጠ። ገጹን ገለጠ። የዓይን ቅባቱ እነሆ፤ ከሥሩ በዚያ በሚያምር እጁ «ሞከርኩ»፤ ከጎኑ ክብ፤ በክቡ መሐል ነጥብ። ቢላዋን አወጣ። ስለቱን ከቃሉ የመጀመሪያ ፊደል ላይ አሳረፈ።

ዓይኑ ግን ወደ ታችኛው ክብ ሸሸ። ይኼኛውስ? ከሱ በታች ያለውስ? ሠላሳ አራት ነጥብ ነው ያለው። አንዱን ስህተት ሚስቱ በአጋጣሚ አገኘች፤ የቀሩት ሠላሳ ሦስቱ እውነት ይሁኑ ሐሰት እሱ ራሱ አያውቅም። ይህቺን ቢፍቅ የቀሩት ውሸታም ምስክሮች በየገጹ ተሰልፈው ሊቀሩ ነው። ይህን ሲያስብ ስለቱን ከፊደሉ ላይ አነሳ። ግመሏ አንገቷን አዙራ በትዝብት አየችው።

«ጌጥ በቢላ ሲሠራ ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለ አንድ ድምፅ።

ሸኽ ሐኪም ከዘራቸውን ተደግፈው ከራሱ በላይ ቆመዋል።

ኤሊው ቢላውን ጣለ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንደተናገረው እሱም አያውቀው፤ እንቅልፉን፣ ሙቀቱን፣ ጠራዡን፣ ነጥቦቹን፣ ሊፍቅ መምጣቱን፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። «ሸኽ ሆይ፣ ብርዕ አልያዝም ከእንግዲህ። ስሜን ከኪታቡ ያውጡት። ግን በአላህ፣ ይቺ የዓይን ቅባት...»

«የቱ የዓይን ቅባት?» አለ ከኋላ መልክተኛው። የኤሊውን ጩኸት ሰምቶ ነው የመጣው።

«የበረሃ ሙጫው። አልተሞከረም፣ ጌታዬ። ‹ሰማሁ› ነው የሚለው እውነተኛው።»

የመልክተኛው እግር ቆመ። ሰዎቹ እግሩ ሲያርፍ አይተው አያውቁም። እጁን ወደ ደረቱ ሰደደና ከማኅተሙ ከረጢት ውስጥ በሰም የታሸገች ትንሽ ብልቃጥ አወጣ።

«ይኸው» አለ። «ትናንት ቀማሚው ዘንድ ሄጄ በኪታቡ ልክ አስቀመምኩት። ለእናቴ ነው። እኛ ዘጠኝ ቀን ነው የምንሄደው፤ ፈረሰኛው ግን በሦስት ቀን ይደርስላታል።» ወደ ዛፉ አመለከተ። እውነትም አንድ ፈረሰኛ ኮርቻውን እያጠበቀ ነበር።

«እኔን አትጠይቀኝም ነበር?» አሉ ሸኽ ሐኪም ቀዝቀዝ ብለው።

«እርስዎንማ ብጠይቅ ‹ጠብቅ፣ መጀመሪያ ልያት› ይሉኛል! እናቴ ዓይኗ ደክሞ የኔን ፊት ካየች ዓመት ሊሆናት ነው። ኪታቡ ደግሞ ‹ሞከርኩ› ይላል፤ ነጥብም አለው!» ወደ ኤሊው ዞረና ጎራዴውን የሚመዝ እስኪመስል ድረስ ተጠጋው። «አንተ ሰው፣ ተስፋዬን ነው የወሰድክብኝ! ለመሆኑ ያድናል ወይስ አያድንም?»

«አላውቅም» አለ ኤሊው።

«እርስዎስ?»

«እኔም አላውቅም» አሉ ሸኽ ሐኪም። «አላሁ አዕለም፣ የሚያውቀው አላህ ነው። ይህን የነገረኝ ሰው ታማኝ ነው፤ ግን እሱም ከሌላ የሰማው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልሞክረው ስል ሌላ ሥራ እየገባብኝ ቀረ። በል ብልቃጧን አምጣት።»

ሰሙን በጥፍራቸው ላጡና የግራ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከቅባቱ የአተር ፍሬ ያህል በክንዳቸው ውስጠኛ ገጽ ላይ ቀቡ።

«ሸኽ! ምን ያደርጋሉ?»

«የዓይን ቆብ ስስ ነው፤ ይህ ሥፍራም ስስ ነው። እስከ ዐስር ሶላት እንጠብቀዋለን። ፈረሰኛው ኮርቻውን ያውርድ። አንተ ኤሊ ደግሞ ምን ትገተራለህ? ረቂቁን አውጣ። ነጥቦችህን እንቁጠር።»

እንዲህ ሆኖ በዚያ የጉድጓድ ዳር ኪታብ ይመሳከር ጀመር። ሸኽ ሐኪም ረቂቁን ያነባሉ፤ ኤሊው በጣቱ ይከተላል፤ ግመል ነጂዎቹ ከብበው ተቀመጡ። መልክተኛው ግን ወዲያ ወዲህ ይላል፤ በየጊዜው እየተመለሰም የሽማግሌውን ክንድ ያያል።

በሰባተኛው ላይ ስህተት ተገኘ፤ ኤሊው ሁለት ማንኪያውን ሦስት አድርጎታል። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ሸኽ ሐኪም ግን የጠፋ ግመል እንዳገኘ ሰው ደስ አላቸው። «አልሐምዱሊላህ! ይኸው አንድ ሰው ከተቅማጥ ዳነ። ቀጥል!»

በአሥራ ሁለተኛው ላይ ደግሞ ንባባቸውን አቋረጡ። «ለሆድ ቁርጠት... ‹ሞከርኩ›...»

«ቅጂውም ‹ሞከርኩ› ይላል፣ ገጥሟል» አለ ኤሊው በተስፋ።

«ቆይ። መግጠሙንስ ገጥሟል። ግን በስንት ሰው ነው የሞከርኩት?» ሽማግሌው ጺማቸውን አሻሹ። «በአማቴ። አንድ ጊዜ። እሷ ደግሞ፣ አላህ ይማራትና፣ መድኃኒቱ የኔ ከሆነ እኔን እንዳታመሰግን ስትል መድኃኒቱ ሆዷ ሳይደርስ ቀድማ ነበር የምትድነው። አውርደው፤ ‹አየሁ› በለው፤ ስትድን ከማየት በቀር ያደረግሁት የለም።»

ግመል ነጂዎቹ በሳቅ ፈነዱ። መልክተኛው ሳይወድ ፈገግ አለና ወዲያው ኮስተር አለ።

«ሸኽ፣ እርስዎም ይሳሳታሉ ማለት ነው?»

«ልጄ፣ የማይሳሳት ጸሐፊና የማይሳሳት ሐኪም የፈለገ መላእክትን ይጠብቅ፤ እነሱ ደግሞ በሌላ መዝገብ ተይዘዋል። አቅሙ እስከፈቀደለት ጥሮ የተሳሳተ ሰው አንድ ምንዳ አለው፤ ጥሮ ያገኘ ሁለት። ምንዳ የሌለው ሳይጥር የጣረ የሚመስል ነው።» ወደ ኤሊው ተመለከቱ። «ያን ቀን ከሰዓት ባዶ እጅህን ነው የቀረኸው። እንቅልፍህን ከፈለግህ ነጥቡን ትተህ ተኛ፤ ባዶው ክብ እኮ ‹ገና ነኝ› ብሎ እውነቱን ይነግር ነበር። አላህ ያልሰጠህን ዕውቀት አልጠየቀህም። ያለህን ብቻ እንድትናገር ነው የጠየቀህ።»

ኤሊው እንባው መጣ። ከሐፍረት ይልቅ እፎይታ ነበር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ፣ ሳያውቀው፣ አንድ ነገር ደረቱ ላይ ተቀምጦበት እንደኖረ የተረዳው አሁን ሲነሳለት ነው።

ሃያ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ሸኽ ሐኪም ንባቡን ገቱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምነው?» አለ መልክተኛው።

«ይሞቀኝ ጀመር» አሉ። ትንሽ ቆይተውም «ኧረ ያቃጥላል!» አሉ፣ ግብዣ እንደተጠሩ ሰው እየሳቁ። «ኑ ተመልከቱ! ተመልከቱ እንጂ!»

ክንዳቸው ላይ ቅባቱ ያረፈበት ሥፍራ ፍም መስሎ ቀልቷል። እያዩትም ሦስት ትናንሽ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ብቅ ብቅ አሉ። ኤሊው እየሮጠ ውሃ አመጣና አጠበላቸው። ሽማግሌው ግን ውሃው እየፈሰሰባቸው እንኳ ክንዳቸውን ወደ ብርሃን እያዞሩ፣ ቀለሙን፣ ስፋቱን፣ የወሰደውን ጊዜ ለራሳቸው ይቆጥሩ ነበር።

መልክተኛው ክንዱን አየ፤ ብልቃጧን አየ። ከዚያም ተንበርክኮ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ቁመት ያለው ሰው ድንገት የሰባት ዓመት ልጅ መሰለ።

«ዓይኗ ውስጥ» አለ። «እናቴ ዓይኗ ውስጥ ልትጨምረው ነበር። ልጄ የላከልኝ ነው ብላ።»

ከዚያ የኤሊውን እጅ ያዘና፣ ኤሊው ሊያስጥል ሲታገል፣ ቀለም የጠጣውን ጣቱን ሳመው።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ነኝ ያጠፋሁት!» አለ ኤሊው።

«አውቃለሁ። ያኔ አጠፋህ፣ ዛሬ ደግሞ መጣህ።»

ኤሊው ቢላውን ከወደቀበት አንስቶ ያቺን ክፉ ቃል ሊፍቅ ገጹን ገለጠ። ሸኽ ሐኪም በረጠበ እጃቸው አስቆሙት።

«ተው፣ አትፋቀው። ይህ ክንድ የማን መሰለህ? ‹ሞከርኩ› አሁን እውነት ሆነ፤ ለማዳኑ ብዙ ሰው ያስፈልጋል፣ ለማቃጠሉ ግን አንድ ክንድ ይበቃል። ከጎኑ ጨምርበት፦ ‹በክንዴ፣ አንድ ጊዜ፤ ቆዳ ያቃጥላል፤ ወደ ዓይን አይቅረብ› በል። በኪታቡ መጨረሻም ከስምህ ቀጥለህ ‹ተሳስቶ፣ ራሱ ተመልሶ አቃናው› ብለህ ጻፍ።»

«ሸኽ፣ ይህን ያነበበ ሰው ከእንግዲህ ሥራ ይሰጠኛል?»

«እኔ የምሰጠው ለእንዲህ ያለው ነው። ሁለተኛው ኪታቤ አለ፤ ገና አልጀመርኩትም እንጂ።» ወደ መልክተኛው ዞሩ። «እናትህን ደግሞ ዘጠኝ ቀን ብንዘገይም በዓይኔ አያታለሁ። የዓይን ሞራ ከሆነ በመርፌ የሚያነሳ ባልደረባ አለኝ፤ ለአርባ ሦስት ሰው ሲያነሳ ቆሜ ቆጥሬአለሁ፤ ሠላሳ አንዱ አይተዋል። ተስፋ የምሰጥህ በዚህ ልክ ነው፤ ከዚህ አላሳንስም አልጨምርም።»

«ሠላሳ አንድ» አለ መልክተኛው። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ደገመው። ከዚያ ተነስቶ አሸዋውን አራገፈ።

ዐስርን ሰግደው ግመሎቹ ሲነሱ ገና አሥራ ሁለት መድኃኒት ሳይመሳከር ቀርቶ ነበር። ኤሊውን በግመል ጫኑት፤ አህያዋን ወደ ከተማ የሚመለስ ነጋዴ ተረከባት፤ ሚስቱም «ደህና ነኝ፣ ሁሉንም ተናግሬአለሁ» የሚል መልእክት ተላከላት። ሸኽ ሐኪም ክንዳቸው ታስሮ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ስለነበር ረቂቁን ማን ያንብብ የሚል ነገር መጣ። መልክተኛው እጁን ዘረጋና ቅጠሎቹን ተቀበለ። ጉሮሮውን ጠረገና በአዋጅ ነጋሪ ድምፅ ያነብ ጀመር። ግመሏ እየናጠችው ቃላቱ ይዘሉበታል፤ አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሳተው።

በመጨረሻ ቀና ብሎ ከፊት ወዳሉት ነጂዎች ጮኸ፦

«ቀስ በሉ! ምን ያስቸኩላችኋል? እያመሳከርን ነው!»